ዝናብ ላይ የተጣለች አህያ ክረምቱን እንዴት ትለፍ?

(ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)

ይህን ንግግር በወረቀት ላይ አግኝታችሁ ፊደል እየለቀማችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ሲገጥማችሁ ምልክት አድርጉበትና ጎናችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ አህያ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። «አህያ ደግሞ ምን ያስተምራል?» ትሉ ይሆናል። ግን ዘነበወርቅ የምትኖሩ፣ በአለርት ሆስፒታል በኩል ወደ አየር ጤና የምትወጡና የምትወርዱ፣ ቀለበት መንገዱን ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ የማወራውን ነገር ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ከአስፋልቱ ዳር ወይም ከመንገዱ መካከል ባለችው ሳር ላይ አንዲት አህያ ቆማ ታያላችሁ። ጆሮዋ ወድቋል። ጀርባዋ ተገጥቧል። ገመድ የላትም፤ ጭነት የላትም፤ ከኋላዋም «ሂጂ!» የሚላት የለም። ዝናቡ ይወርድባታል። በማግስቱ ስታልፉ እዚያው ናት። በሦስተኛው ቀን ተኝታ ታገኟታላችሁ።

ይህች አህያ አልጠፋችም። ተጥላለች።

ለምን ተጣለች? ይህን ሳናውቅ ወደ መፍትሔው ብንሮጥ ሥራችን ከንቱ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚውን ቦታ ይዛለች። ቁጥሩ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ከመርካቶ እህል በረንዳ እህል የምታወጣው አህያ ናት። ከወፍጮ ቤት ዱቄት፣ ከግንባታ ቦታ አሸዋና ብሎኬት፣ ውሃ በጠፋ ቀን ጄሪካን የምትሸከመው እሷው ናት። የሚሠራባት ሰው ግን ብዙ ጊዜ መሬት የለውም። ግጦሽ የለውም። የዕለቱን ጭድ የሚገዛው በዕለቱ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ክረምት ሲገባ የግንባታው ሥራ ይቀዘቅዛል። አሸዋ የሚያስጭን ሰው ይቀንሳል። ገቢው ይቀንሳል፤ የአህያዋ ሆድ ግን አይቀንስም። በዚያ ላይ ካረጀች፣ ወይም መኪና ገጭቷት ካነከሰች፣ ባለቤቷ ምን ያደርጋል? በግና ዶሮ ቢሆን ያርዳል። የአህያን ሥጋ ግን በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላውም። ስለዚህ አንድ ማታ ይነዳና ሳር ካለበት ቦታ ወስዶ ይለቃታል።

አንድ ጊዜ በሰፈራችን አንድ የአህያ ነጂ አባት አግኝቼ ጠይቄአቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ያቺ አስፋልት ዳር የቆመችው አህያ የእርስዎ አልነበረችም እንዴ?»

«ነበረች፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምነው እዚያ ተዉአት?»

«ምን ላድርጋት? ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ነበረች። ልሽጣት ብል አሮጊት ማን ይገዛል? ግቢ ላስገባት ብል የምኖረው በኪራይ ነው፤ አከራዬ እምቢ አሉኝ። ሳር ያለበት ወስጄ ለቀቅኋት። እግዜር ያውቅላታል ብዬ።»

እኒህ ሰው ክፉ አይደሉም። አህያዋን ባያዝኑላት ኖሮ ሳር ያለበትን ቦታ አይፈልጉላትም ነበር። ነገር ግን ለአህያ ሳር ብቻውን መዳኛ አይሆናትም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ፍሬ ነገር ይሄ ነው። በክረምት አህያን የሚጥላት ረሃብ ብቻ አይደለም። እርጥበትና ብርድ አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ለምን? አህያ የደረቅ አገር ፍጥረት ስለሆነች ነው። የአህያ ዘር የመጣው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። ይህ የዱር አህያ ዛሬም በአፋር በረሃና በኤርትራ በጣም ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ሊጠፋ ከተቃረቡት የዱር እንስሳት አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የብዙ አገር አህዮችን ዘር አወዳድሮ ነበር። ሰው አህያን ያላመደው ከሰባት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ እዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ነው ይላል። የዓለም አህያ ሁሉ አያት ቅድመ አያት ከእኛ አካባቢ ወጣች ማለት ነው። ያ አካባቢ ግን ደረቅ ነው። ፀሐይ እንጂ ጭቃ አያውቅም።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በረዶም ይጥላል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ለእኛ ጋቢ አለን። አህያዋስ?

«ጠጉር አላት እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አላት። ግን ጠጉር እንዴት እንደሚያሞቅ እንወቅ። ጋቢ የሚያሞቃችሁ ጥጡ ራሱ እሳት ሆኖ አይደለም። በድርቡና በጥጡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ያ አየር ከገላችሁ የወጣውን ሙቀት አቅፎ ያቆየዋል። ጋቢው ውሃ ቢነካውስ? አየሩ ይወጣል፤ ውሃ ይገባል። እርጥብ ጋቢ አያሞቅም። የአህያም ጠጉር እንደዚያው ነው። የፈረስ ጠጉር ዝናቡን በመጠኑ ያንሸራትታል። የአህያ ጠጉር ግን ውሃውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ እስከ ቆዳዋ ትረጥባለች። በእንግሊዝ አገር የአህያ፣ የበቅሎና የፈረስ ጠጉር ተመዝኖ ተወዳድሮ ነበር። ብርድ ሲመጣ ፈረሱ ወፍራም ጠጉር ያበቅላል። አህያዋ ግን ከበጋ እስከ ብርድ ወራት ጠጉሯ ብዙም አይለወጥም። በሌላ ጥናት ደግሞ ፈረሶቹ ዝናብ ላይ ቆመው ሲግጡ፣ አህዮቹ ወደ ጣራ ሥር ሲሸሹ ታይተዋል። መጠጊያ ትፈልጋለች፤ መንገድ ዳር ግን መጠጊያ የለም።

እንግዲህ አንዲት የተጣለች አህያ ሰፈራችሁ ብትመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ከሁሉ አስቀድሞ ለራሳችሁ ተጠንቀቁ። ከኋላዋ አትምጡ፤ ትራገጣለች። በጎን፣ በትከሻዋ በኩል፣ እያናገራችኋት ቅረቡ። ልጆችን አትላኩ። ምራቅ የምታዝረበርብ ከሆነ፣ መዋጥ ካቃታት፣ የራሷን ገላ የምትነክስ ወይም ሰው ላይ የምትወረወር ከሆነ ጨርሶ አትንኳት። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ አህያንም ይይዛል። ከውሻ ወይም ከጅብ ንክሻ ይመጣባታል። ከታመመች እንስሳ ደግሞ በንክሻ ወይም በምራቅ ወደ ሰው ይገባል። ብትነክሳችሁ፣ ወይም ምራቋ ቁስላችሁን ቢነካ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «እስኪ ይታይ» አትበሉ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሰውን ማዳን እጅግ ያዳግታል። ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲሰጥ ነው።

ቀጥሎ ለጎረቤትና ለወረዳ አሳውቁ። ሰው ሳይሰማ የሰው እንስሳ ግቢ ማስገባት ነገር ያመጣል። ባለቤት ቢነሣ «ሰረቅህ» ሊላችሁ ይችላል። ሁለት ሦስት ምስክር ባለበት «ይህችን አህያ መንገድ ላይ አገኘናት፣ እንዳትሞት አስጠግተናታል» በሉ። ጻፉትም። መጻፍ ተምራችሁ የለ? ቀኑን፣ የተገኘችበትን ቦታ፣ የጠጉሯን መልክ፣ ቁስሏን ጻፉና ፈርሙ። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው ፊደል የሚጠቅመው።

ለባለቤቶችም አንድ ነገር ልንገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ እንኳ ቢሆን። ካመለጠው ሰው ላይ ይህ ኃላፊነት ካለ፣ ሆን ብሎ አስፋልት ላይ የለቀቀማ እንዴት ይሆናል? ሌሊት በዝናብ፣ መብራት በሌለበት፣ ሚኒባስ ከአህያ ጋር ሲጋጭ የሚሞተው አህያዋ ብቻ አይደለችም።

አሁን ወደ መጠለያው እንምጣ።

መጠለያ ሲባል ቤት መሥራት አይደለም። አህያ በሦስት ወገን ግድግዳ፣ ከላይ ጣራ፣ ከሥር ደረቅ መሬት ካገኘች ይበቃታል። አሮጌ ቆርቆሮ፣ ሸራ፣ የተጣለ ጣውላ ይሆናል። ክፍቱን ወገን ነፋስና ዝናብ ከሚመጣበት አዙሩት። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ቦታ ለሁለት ትንንሽ አህያ ይበቃል። ግድግዳው ላይ ሚስማር ወይም የቆርቆሮ ስለት ወደ ውስጥ እንዳይወጣ እዩ።

ከጣራው እኩል የሚያስጨንቀኝ ወለሉ ነው። ብዙ ሰው ጣራ ሠርቶ ወለሉን ይረሳዋል። የዘነበወርቅን ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ ጫማ ይበላል። አህያ በጭቃ ውስጥ ቀንና ሌሊት ስትቆም ሰኮናዋ ይርሳል፤ ይለሰልሳል፤ ከሥሩ ይበሰብሳል። ጥቁር የሚገማ ነገር ይወጣዋል። ያን ጊዜ መቆም ያቅታታል። የተኛች አህያ ደግሞ ከእርጥብ መሬት ብርድ ትጠጣለች። ስለዚህ ወለሉን በጠጠር ወይም በተሰበረ ብሎኬት ከፍ አድርጉ። ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ። ከላይ ደረቅ ጭድ ወይም ከእንጨት ቤት የሚገኘውን ሰጋቱራ አንጥፉ። የረጠበውን በየቀኑ አውጡ። ሰኮናዋንም በደነዘ እንጨት ጥረጉላት፤ ጠጠርና ጭቃ ተሰንቅሮ ይገኛል።

እሳት አታንድዱላት። በተዘጋ መጠለያ ውስጥ የከሰል ጭስ ሰውንም እንስሳንም ይገድላል። ጭድ ባለበት ቤት ደግሞ እሳት መቃጠል ነው።

ረጥባ ካገኛችኋትስ? በደረቅ ጆንያ እሿት። በደንብ፣ ጠጉሩን ወደ ላይም ወደ ታችም እያደረጋችሁ እሹ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ውሃውን ያወጣል፤ ደሟንም ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በጀርባዋ ላይ ደረቅ ጭድ በትኑና ጆንያ ጣል አድርጉባት። ጭዱ አየር ይይዛል፤ እርጥበቱም በጆንያው ቀዳዳ ይወጣል። ላስቲክ ግን በእርጥብ ጠጉር ላይ አታልብሱ። ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ደርቃ ስታበቃ ጆንያውን አንሡ፤ የረጠበ ጆንያ በላይዋ አይደር። ብርድ እንደያዛት ለማወቅ ጆሮዋን ብቻ አትዳስሱ፤ ጆሮዋ በጤናዋም ቀን ይቀዘቅዛል። እጃችሁን በፊት እግሯና በደረቷ መካከል አግቡ። እዚያ ከቀዘቀዘች፣ ወይም ስትንቀጠቀጥ ከቆየች በኋላ መንቀጥቀጧን ትታ ከደነዘዘች፣ ነገሩ ከባድ ነው።

ስለ ምግቧ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው በደግነት የሚገድላት እዚህ ላይ ነውና።

የተራበች አህያ ስናይ ሆዳችን ይባባል። ገብስ እንሰጣለን፤ በቆሎ እንሰጣለን፤ ከወፍጮ ቤት ጥራጊ እንጠርግላታለን፤ የከረመ እንጀራ እንደፋላታለን። ይሄ ስሕተት ነው። የአህያ ሆድ የተሠራው ለደረቅ ሳርና ለገለባ ነው። ብዙ ቀን የተራበ ሆድ ላይ እህል በብዛት ሲገባ የሆድ ቁርጠት ይመጣል። አህያ ማስመለስ አትችልም። የገባው ሁሉ በሆዷ በኩል ማለፍ አለበት። ቁርጠቱ ሊገድላት ይችላል፤ ከተረፈችም ሰኮናዋ ውስጥ ሕመም ይገባል። የሻገተ እንጀራ፣ የሻገተ ዳቦ፣ የሻገተ ጭድ ደግሞ በጭራሽ አትስጡ።

የሚሻላት ጭድ ነው። የገብስ ጭድ በጣም ጥሩ ነው። ከተገኘ ድርቆሽ ቀላቅሉበት። ድርቆሽ ስል የሳሩን ማለቴ ነው እንጂ የእንጀራውን አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ትንሽ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ስጧት። በሳምንት ውስጥ እያበዛችሁ ሂዱ። የእኛ አገር አህያ ክብደቷ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ኪሎ ብዙ አይበልጥም። ለእንዲህ ያለችው በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ደረቅ መኖ ይበቃታል። ገለባው በሆዷ መጨረሻ በኩል ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ማታ፣ ብርዱ ሳይጸና፣ ጭድ ስጧት። ሌሊቱን እያኘከች ታድራለች፤ ከውስጥ ትሞቃለች።

አሮጊት ከሆነች ጥርሷን ተመልከቱ። ጭዱን አኝካ አኝካ እንደ ኳስ ጠቅልላ ከጣለችው ጥርሷ አልቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጭዱን በማጭድ ክተፉላት፤ ትንሽ ፉርሽካ በውሃ አርሳችሁ ጨምሩላት። ትንሽ ነው ያልኩት።

ውሃ ደግሞ ንጹሕ ይሁን። አህያ ውሃ ላይ ኩሩ ናት። የቆሸሸ ውሃ ቢያቀርቡላት አሽትታ ትተወዋለች፤ ተጠምታም ትውላለች። በቀን ከ10 እስከ 20 ሊትር ትጠጣለች፤ አንድ ጄሪካን በሉት። ብርድ ላይ ለብ ያለ ውሃ ከሆነላት የበለጠ ትጠጣለች። ከቡና በፊት የሞቀ ውሃ ቢተርፋችሁ እዚያ ላይ ጨምሩበት።

ሌላው መዘዝ ላስቲክ ነው። ከቆሼ አቅራቢያ ለምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የተጣለች አህያ ቆሻሻ ስትጎረጉር ምግብ የነካውን ፌስታል ትውጣለች። ፌስታል በሆድ አይፈጭም። ገመድና ፌስታል እየተጠቀለለ አንጀቷን ይዘጋል። ከውጭ ሆድዋ ሞልቶ ይታያል፤ «ጠግባለች» ትላላችሁ። ውስጡ ግን ቆሻሻ ነው። ለዚህ የቤት መድኃኒት የለውም። ሐኪም ይያት።

አሁን ወደ ቁስሉ። ገጣባ ጀርባ በክረምት አይድንም፤ ሁልጊዜ ስለሚረጥብ ይሰፋል። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ። በውስጡ ሁለት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው ጨምሩ። በንጹሕ ጨርቅ እየነከራችሁ ቁስሉን እጠቡት፤ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ። በቃ። ብዙ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል፤ የባትሪ ውሃ የሚያፈስም አለ። ዘይቱ ዝንብ ያባርር ይሆናል፤ ሥጋውን ግን ያቃጥለዋል። እስኪ በራሳችሁ ጣት ላይ ቀብታችሁ ሞክሩት! ቁስሉ ከገማ፣ ትል ከወጣበት፣ ወይም አህያዋ ሰውነቷ ደርቆ መንጋጋዋ ከተገጠመ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ይህ የመጨረሻው መንጋጋ ቆልፍ ይባላል። በሰውም እንደሚመጣው ያለ ነው፤ በቁስል በኩል ይገባል።

ስለ ሐኪም ካነሣን፣ አህያ ሕመሟን ትደብቃለች። ላም ትጮኻለች፤ ውሻ ያለቅሳል። አህያ ዝም ትላለች። ሰዎች «አህያ አይሰማውም» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ይሰማታል፤ ግን አታሳይም። እንግዲህ ምልክቱ ዝምታዋ ነው። ጭድ ቀርቦላት ካልበላች፣ ራሷን ደፍታ ከቆመች፣ ስትጠሯት ጆሮዋ ካልዞረ፣ ያ በአህያ ቋንቋ ጩኸት ነው። ለነገ አትበሉት። አህያ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ስትቆይ የገላዋ ስብ ወደ ደሟ ይገባና ጉበቷን ሊያበላሽ ይችላል። በየወረዳው ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞቹን ከሚያሠለጥኑት ትልልቅ ቦታዎች አንዱ ነው።

ማታ መጠለያውን ዝጉ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ሰምታችኋል። የአዲስ አበባ ጅብ ተረት አይደለም። በወንዞቹ ሸለቆና በቆሻሻ መጣያው ዙሪያ ይዞራል። በእኛ በኩል ትንሹ አቃቂ አለ። አንካሳ አህያ ለጅብ የተሰናዳ እራት ናት። እግሯን አስራችሁ ደግሞ ውጭ አታሳድሯት፤ መሮጥም አትችልም፣ ገመዱም እግሯን ይቆርጠዋል።

ሌባም አለ። የአህያ ቆዳ በውጭ አገር ለመድኃኒት ተብሎ ስለሚፈለግ ንግዱ ደርቶ ነበር። ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ ሕዝቡ ቅሬታ አቅርቦ በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአህያ ቆዳ ንግድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ። ውሳኔው መልካም ነው። መንገድ ዳር ያለችውን ግን በረት እንጂ ወረቀት አይጠብቃትም።

«ይህን ሁሉ ማን ይችለዋል?» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን አይችልም። የራሱን ልጅ ጠግቦ ያላሳደረ ሰው አህያ ይመግብ አልልም። ግን አምስት ስድስት ቤት ቢሆንስ? አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዷ የግቢዋን ጥግ፣ ሌላው ጭድ በተራ። ለሰርግና ለለቅሶ ድንኳን የምንተክለው ሕዝብ አይደለንም እንዴ? በነገራችን ላይ፣ አህያ ብቸኝነት አይሆንላትም። ሁለት አህዮች ከተላመዱ አትለያዩአቸው። አንዷ ብትሞት ሌላዋ ሬሳውን እንድታየው ለጥቂት ጊዜ ተዉአት፤ አለዚያ እየፈለገች ትጮኻለች፤ መብላትም ታቆማለች።

የማትድን ብትሆንስ? እግሯ ከተሰበረ፣ መነሣት ካቃታት፣ ሐኪምም ተስፋ የላትም ካለ፣ ሐኪሙ ሳትሠቃይ እንድታርፍ ያድርግ። እኔ ይህን ምሕረት እለዋለሁ። ምሕረት ያልሆነው በሕይወት እያለች ወንዝ ዳር ጎትቶ ለጅብ መተው ነው። ሲደረግ ይታያል፤ መቅረት አለበት። ሬሳዋን ወንዝ አትጣሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ። ሳትታመም ድንገት ከሞተችና ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ ደም ከወጣ አትክፈቷት፤ ቆዳዋንም አትግፈፉ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ለጤና ባለሙያ ንገሩ።

ከዳነች ደግሞ መስከረም ይመጣል። ፀሐይ ትወጣለች፤ ሳሩ ለምለም ይሆናል። ያን ጊዜ ሙሉ ቀን መስክ አትልቀቋት። ደረቅ ጭድ የለመደ ሆድ ለምለም ሳር ሲበዛበት ይታመማል። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት፣ በማግስቱ አንድ ሰዓት፣ እንዲህ እያላችሁ አስለምዷት። የረዘመ ሰኮናዋን የሚያውቅ ሰው ይከርክምላት። ሴት ከሆነች ሆዷንም ልብ በሉ፤ አህያ ዓመት ያህል ነው የምታረግዘው፤ ስትጣል እርጉዝ ሆና ሊሆን ይችላል። ወደ ሥራ የምትመለስ ከሆነ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይሽር ኩርታን አታስቀምጡባት። ጭነቷም ከክብደቷ ሲሶ አይብለጥ። መቶ አምስት ኪሎ ለምትመዝን አህያ ሠላሳ አምስት ኪሎ መሆኑ ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ አንድ ኩንታል ስትንት እጥፍ ይሆናል?

ሰዓቴ አልቋል። ደህና ሰንብቱ።